እናቴን ይዤ ቬጋስ ልሄድ ነው፤ የት እንብላ?

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ የለጠፍኩት ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ16 ዓመት ልጃችንና እናቴ። ላስ ቬጋስ አራት ቀን እንቆያለን። ሆቴሉ ስትሪፕ በሚባለው፣ ትልልቆቹ ካዚኖዎች በተደረደሩበት መንገድ መሀል ነው፤ ተከፍሎበታል፤ መመለስ የለም። እናቴ ፍልሰታን ትጾማለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ እህል አትቀምስም። ልጄ በተቃራኒው ምን ቢበላ አይጠግብም።

አጎቴ በፈረንጆቹ 90ዎቹ እዚያ ታክሲ ነድቷል። ስቴክ በሦስት ዶላር፣ ቡፌ በአምስት ዶላር ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናም በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ቬጋስ ምግብ ርካሽ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከርካሾቹ የቱ ይሻላል ብቻ ንገሩኝ ብዬ። የመልሶቹን ክር ያስረዘመው ይቺ ድፍረቴ ናት።

መልሶቹ 23 ደርሰዋል። ዘግይተው የመጡ ሰዎች ዋናው ነገር ምንድን ነው እያሉ ስላስቸገሩኝ፣ እኔው በየቁጥሩ ልንገራችሁ። ስድቡን ቀንሻለሁ።

1. የመጀመሪያው መላሽ ብዙ ዓመት ቬጋስ የኖረ ሰው ነው። ጨዋ ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ፣ የእናቴን ጤና ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው። ስለ እሳቸው ምንም እንዳላስብ ነገረኝ። ከስትሪፕ በስተምዕራብ የሐበሻ ምግብ ቤት እንደ ልብ ነው። በ2023 አካባቢው ‹ሊትል ኢትዮጵያ› ተብሎ በይፋ ተሰይሟል፤ እሱ እንደጻፈው በከተማው አስተዳደር። የጾም በያይነቱ የሌለው ቤት የለም። አንዱ ትሪ ለሁለት ሰው ስለሚበቃም ለአራት ሰው አራት እንዳናዝ አስጠነቀቀ። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

2. ሁለተኛው ትሕትና አይዞርበትም፤ ግን ያውቃል። የአጎቴን ወሬ ለአጎቴ እንድተውለት ነው የጀመረው። ከዚያ ታሪኩን ዘረዘረው። ስትሪፕ ላይ የመጀመሪያው ሆቴል ኤል ራንቾ ቬጋስ ነው፤ በ1941 ተከፈተ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የቻሉትን ያህል የሚበሉበት ቡፌ በአንድ ዶላር ጀመረ። ወጥ ቤቱ ይከስራል፤ ይክሰር ተብሎ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ሰው ራበኝ ብሎ ወጥቶ እንዳይቀር ምግቡ ማጥመጃ ነበር። ኪሳራውን የቁማር ጠረጴዛው ይመልሰዋል።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የስትሪፕ ትልልቅ ካዚኖዎች ከግማሽ በላይ የሆነውን ገቢያቸውን የሚያገኙት ከቁማር ውጭ ነው፤ ከመኝታ፣ ከምግብ፣ ከመጠጥ፣ ከትርኢት። ስለዚህ ሳህኑ ራሱ ማትረፍ አለበት። በ2020 ኮቪድ ቡፌዎቹን ሲዘጋ ደግሞ ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። ከተረፉት ውስጥ ስሙ የገነነው የሲዛርስ ፓላሱ ባካናል ለእራት በሰው 80 ዶላርን ያልፋል። በአራት አባዙት፤ ቲፕ ሳይጨመር። ደግሞ እናቴ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የምትበላው ሰላጣና ፍራፍሬ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ጋ ጥያቄዬን ልሰርዘው ነበር።

3. አንድ አዛውንት መጡ፤ አጎቴን ደገፉልኝ። ፍሪሞንት ስትሪት ላይ ያለው ጎልደን ጌት ካዚኖ ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ ናት) በብርጭቆ ይሸጥ ነበር። በ1959 ሲጀምር 50 ሳንቲም ነው። ለብዙ ዓመታት ደግሞ በ99 ሳንቲም ተሽጧል። ሌሊት ታክሲ አቁመው እየገቡ ሁለት ሁለት ይበሉ እንደነበር አወሩ። ስለ ኪሴ የሚጠቅም አንድም ነገር አልነገሩኝም፤ ግን ሲጽፉ የሚያምር ነገር አላቸው። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ቬጋስን የሚያስታውሰው በሆዱ ነው መሰለኝ።

4. ያ ሽሪምፕ በ2017 መቅረቱን አንዱ በአንድ መስመር አረዳቸው። አዛውንቱ ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጠፉ።

5. ይሄኛው ውኃና ፍራፍሬ ከሱፐርማርኬት ገዝተን ክፍላችን ውስጥ እንድናስቀምጥ መከረ። ቀጥሎ የደረሰበትን ነገረን። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ (ስሙን አልጠራም) የሕፃን ልጁን ወተት ለማስቀመጥ የክፍሉን ትንሽ ፍሪጅ ከፈተ። ቦታ ስለጠፋ ሁለት ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ አልጠጣቸውም። ሲወጣ ሂሳቡ ላይ ሁለቱም ተደምረዋል። ለካ ከሥር መቆጣጠሪያ አለው፤ ዕቃው ከቦታው ተነሥቶ ትንሽ ከቆየ እንደተሸጠ ይቆጥረዋል። ተከራክሮ አስነሣ፤ ግን አውሮፕላን ሊያመልጠው ነበር።

6. በዚህ ክር ውስጥ በጣም የጠቀመኝ ባለ 6 ቁጥሩ ነው። ሰውየው የሂሳብ ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም። ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ዋጋ አይደለም ባይ ነው። በርገሩ 25 ዶላር ነው እንበል። የአካባቢው የሽያጭ ግብር 8.375 በመቶ ነው፤ 2 ዶላር ከ9 ሳንቲም ጨምሩ። ቲፕ በ20 በመቶ 5 ዶላር። 32 ዶላር ከ9 ሳንቲም ሆነ። አራት ሰው 128 ዶላር አለፈ፤ ገና ለስላሳ አልታዘዘም። አንዳንድ ቤቶች ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ሌላ ክፍያ ይጨምራሉ። ሰው ሲበዛ ቲፑን ራሳቸው ይደምሩታል፤ ሳያይ ድጋሚ የሚከፍል ሞልቷል። ከሜይ 2025 ወዲህ ሆቴሎች ሪዞርት ፊ የሚባለውን የግዴታ ተጨማሪ ክፍያ ጨምረው ጠቅላላ ዋጋውን ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳቸዋል፤ ምግብ ቤቶች ግን እዚያ ደንብ ውስጥ የሉም።

መኪና እንዳንከራይም መከረ። ስትሪፕ ላይ ማቆሚያ ነፃ የነበረበት ዘመን ከ2016 ጀምሮ እያለፈ ነው። በመኪና ርካሽ ምግብ ፍለጋ ወጥቶ ያተረፉትን ለማቆሚያ መክፈል ትርፉ ድካም ነው።

7. ነገር የተጀመረው እዚህ ጋ ነው። ባለ 7 ቁጥሩ የ6ን ስሌት አንብቦ፣ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቲፕ አትክፈሉ አለ። በኛ አገር ጉርሻ በእጅ የሚሰጥ የፍቅር ነገር ነው፤ በመቶኛ ተሰልቶ አያውቅም ሲል ተፈላሰፈ። ኔቫዳ ውስጥ አሠሪ ለአስተናጋጅ ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 12 ዶላር፣ የመክፈል ግዴታ እንዳለበትም ጠቀሰ። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ ስቴቶች በቲፕ ብቻ የሚኖር ሰው የለም ነው ክርክሩ።

8. ይቺን መልስ የጻፈች ሴት እዚያው ስትሪፕ ላይ አስተናጋጅ ናት። ቃል በቃል ባልደግመው ይሻላል። ሕጉን በትክክል እንደጠቀሰ አመነችለት። ቀጥላ በ12 ዶላር ቬጋስ ውስጥ ቤት ተከራይቶ እንዲያሳያት ጋበዘችው። ቲፑ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ሳህን ከሚያነሣው፣ መጠጥ ከሚቀዳው ጋር ይካፈሉታል። ሐበሻ ጠረጴዛ ሲደርሳት ባልደረቦቿ እንደሚስቁባት፣ እሷም እንደምትሸማቀቅ ጻፈች። እዚህ ጋ ማንም ሰው ለአንድ ቀን ያህል ምንም አልጻፈም።

9. ዝምታውን የሰበረው ሰው ሊያስታርቅ ፈልጎ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚበሉበት ቦታ መብላት ነው፤ እህታችን ቦታውን ትጠቁመን አለ። ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

10. አስተናጋጇ ተመለሰች። ሥራ ላይ እያሉ የሚበሉት ከጀርባ ባለው የሠራተኛ መመገቢያ ነው፤ በነፃ። እዚያ እንግዳ አይገባም። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ የሚያስቡት እግራቸውን እንጂ ሆዳቸውን አይደለም። መጠየቅ ያለበት በዕረፍት ቀናቸው ልጆቻቸውን ይዘው የት እንደሚሄዱ ነው። እሷ የምትሄደው ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ነው፤ ቻይናታውን።

ይህ ሐሳብ ለእኔ ሁሉን ነገር ቀየረው። እኔ ሳስብ የነበረው ስትሪፕ ላይ የተደበቀ ርካሽ ቤት አለ፣ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው ብዬ ነው። ቬጋስ ግን ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ እሑድ ቤተሰቡን የሚጋብዝ ሕዝብ አላት። እሱ በሠላሳ ዶላር በርገር አይኖርም።

11. ቻይናታውንን ያብራራው ይሄኛው ነው። ቻይናታውን ፕላዛ የሚባለው የገበያ ማዕከል በ1995 ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ወደ ምዕራብ እየረዘመ ሄዷል። የቬትናም ሾርባ፣ የኮሪያ ጥብስ፣ የጃፓን ኑድል። ቤቶቹ ከውጭ ሲታዩ ምንም አይደሉም፤ ከጥፍር ቤትና ከላውንደሪ መሀል የተሸጎጡ ናቸው። ብዙዎቹ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በኋላ ክፍት ናቸው፤ ምክንያቱም የካዚኖ ሠራተኛ ሥራ የሚጨርሰው ያን ጊዜ ነው። ቤትን በገጹ እንዳንገምት የሎተስ ኦፍ ሳያምን ታሪክ አመጣ። የታይላንድ ምግብ ቤት ነው፤ ስሙ የወጣው ኢስት ሳሃራ ላይ ባረጀ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሆኖ ነው። ባለሙያዋ ሳይፒን ቹቲማ በ2011 የጄምስ ቢርድን፣ ትልቁን የአሜሪካ የምግብ ባለሙያዎች ሽልማት፣ ወስዳለች።

12. ይህ ሰው የ1ን ስሕተት ሊያርም ብቻ ነው የመጣው። ሊትል ኢትዮጵያን የሰየመው ከተማው ሳይሆን ክላርክ ካውንቲ፣ ከተማውን የያዘው ሰፊ አስተዳደር፣ ነው። አርሞ አልበቃውም፤ ስትሪፕ ራሱ ከላስ ቬጋስ ከተማ ወሰን ውጭ፣ በአብዛኛው ፓራዳይዝ በሚባል የካውንቲው ክፍል ውስጥ መሆኑን አስረዳን። ለምሳ ምን ይጠቅማል ያለው የለም። እኔ ግን ወደድኩት። ሰው ሁሉ ቬጋስ ሄድኩ የሚልበት ቦታ ቬጋስ አይደለም ማለት ነው።

13. ለልጄ የተጻፈ መልስ ነው። ከስትሪፕ መውጣት ካልተቻለ ሁለት ቦታ ተጠቆመ። አንዱ ኮስሞፖሊታን ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ፒዛ ቤት ነው። ምልክት የለውም፤ ግድግዳው ላይ የሙዚቃ ሸክላ ማሸጊያ በተደረደረበት ጠባብ ኮሪደር ይገባል፤ ቁራጭ እየገዙ መብላት ይቻላል። ሌላው ታኮስ ኤል ጎርዶ ነው፤ የቲኋና (የሜክሲኮ ከተማ ናት) ዓይነት ታኮ፣ በቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ። እዚያ ለእያንዳንዱ የሥጋ ዓይነት ሰልፉ የተለያየ ነው። መላሹ ይህን ሳያውቅ ረጅም ሰዓት የተሳሳተ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ተራው ሲደርስ ወደ ሌላ ተልኳል።

14. የኤሊስ አይላንድ ደጋፊ ነው። ከስትሪፕ ጀርባ ኮቫል መንገድ ላይ ያለ ትንሽ ካዚኖ ነው። የስቴክ ልዩ ዋጋው ዝነኛ ነው፤ ለዓመታት ሜኑ ላይ ሳይጻፍ፣ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ሲቀርብ ኖሯል። የአባልነት ካርድ ማውጣት ነፃ ነው፤ ቅናሽ ያስገኛል። አጎቴ የሚያወራው ዘመን ትንሽ ቅሪት እዚህ አለ መሰለኝ።

15. ባለ 15 ቁጥሩ ያ ስቴክ ስንት እንዳወጣበት ነገረን፤ 214 ዶላር። ጠረጴዛ እስኪለቀቅ ትንሽ ልጠብቅ ብሎ የቁማር ማሽን ፊት ተቀመጠ። 2 ተመልሶ መጣና ይሄው ያልኩት፣ ማጥመጃ ማለት ይሄ ነው ብሎ ሳቀበት። ተሰዳደቡ።

16. የፈራሁት መጣ። ጿሚ እናት ይዞ ወደ ቁማር ቤት መሄድ ምን የሚሉት ክርስትና ነው የሚል ረጅም ተግሣጽ ተጻፈልኝ። ስለ ምግብ አንድም ቃል የለውም።

17. ያልጠበቅሁት ሰው ተሟገተልኝ፤ ያ ቲፕ የማይከፍለው 7። ቬጋስ ውስጥ ሆቴል ያደረ ሁሉ ቁማርተኛ አይደለም፤ ሆቴሎቹ የተሠሩት ወደ ሊፍት ለመሄድም፣ ወደ ምግብ ለመሄድም በካዚኖው መሀል እንዲታለፍ ተደርጎ ነው አለ። ከ21 ዓመት በታች ያለ ልጅ ማለፍ ይችላል፤ ቆሞ ማየት ግን አይፈቀድለትም። ልጄን ይህን እንድነግረው አሳሰበኝ። ጠቃሚ ነበር፤ ልጄ ባገኘው ሁሉ ፊት የሚገተር ነው።

18 እና 19. ከዚህ በኋላ ክሩ ለጊዜው ከእጄ ወጣ። አንዱ እናቴ ዓሣ ከበላች ቻይናታውን ውስጥ እንደማይቸግራት ጻፈ። ሌላው በጾም ዓሣ ይበላል ያለህ ማነው ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያው ፍትሐ ነገሥት ጠቀሰ። ሁለተኛው አያቱን ጠቀሰ። አስተዳዳሪው ወደ ምግቡ ካልተመለሳችሁ እዘጋዋለሁ ብሎ አስፈራራ። ለማንኛውም እናቴ ዓሣ በጾም አትበላም፤ ከጾም ውጭም አትወድም።

20. 6 ሌላ ስሌት ይዞ ተመለሰ፤ ይሄኛው ሊቅ ነው። እናቴ የምትፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 3 ሰዓት ማለት ነው። ብዙ ቤቶች ሀፒ አወር፣ የቅናሽ ሰዓታቸውን፣ የሚጀምሩት ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ዋናውን ምግብ ከምሳና ከእራት መሀል አድርጉት፤ ሰልፍ የለም፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ እናንተም ጠዋት ቀለል ያለ ቁርስ በልታችሁ እሳቸውን ጠብቁ አለ። የእናቴን ጾም ችግር ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ እሱ ቅናሽ አደረገው።

21. አንድ ቅሬታ። እዚያው ሊትል ኢትዮጵያ አንድ ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቀ። ሲጠይቅ እየመጣ ነው፣ ደግሞ ሲጠይቅ ደረሰ። አስተናጋጇ በ10 እንዳለችው ሐበሻ ቲፕ የማይሰጥ ከሆነ፣ ሐበሻ ቤትም ቲፕ የሚያሰጥ መስተንግዶ የለውም ነው ያለው። (ያለችው በ8 ነው፤ ግን ይሁን።) ማንም አልተቃወመውም፤ ሁላችንም ጠብቀን እናውቃለን።

22. ይሄኛው የእኔ መልስ ነው፤ ከተመለስን በኋላ የጻፍኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ምክር ረሳነው። ሌሊት ስለገባን ደክሞናል፣ ልጁ ራበኝ ይላል፤ ጠዋት እዚያው ሆቴሉ ሥር ቁጭ አልን። እናቴ ሳትበላ ለሦስት ሰው እንቁላል፣ ፓንኬክና ጭማቂ 107 ዶላር። እናቴ ሂሳቡን አይታ ስንት ብር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወደ ብር ቀይሬ ልነግራት አልደፈርኩም።

ማንም ያልነገረን ነገር ደግሞ ሙቀቱ ነው። ካርታው ላይ ሁለት ሆቴል የሚለየው መንገድ ኢምንት ይመስላል። ሕንጻዎቹ ግዙፍ ስለሆኑ እዚህ አጠገባችን ነው እያልን በ40 ዲግሪ ሙቀት ድልድይ ስንወጣ፣ ድልድይ ስንወርድ ሠላሳ ደቂቃ ሄድን። ሰው በዚያ ሙቀት ርካሽ ምግብ አይፈልግም። ኤሲ ያለበት የመጀመሪያው በር ውስጥ ነው የሚገባው። ዋጋው እዚያ ላይ ነው የሚሰቀለው።

በሁለተኛው ቀን ኡበር ጠርተን ወደ ምዕራብ ሄድን። ሁለት የጾም በያይነቱ፣ ለልጁ አንድ ጥብስ፣ መጠጥ፣ ግብርና ቲፕ ተጨምሮ 97 ዶላር። ተርፎ አስጠቀለልን። እናቴ ሽሮው ቅቤ እንደሌለው ሦስት ጊዜ አስጠይቃ፣ በመጨረሻ ራሷ ወጥ ቤት ገብታ አረጋገጠች። የቤቱ ባለቤት አልተቀየመችም። ቡና ተፈላ፤ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን፤ የቆየንበትን ማንም አልቆጠረብንም። በሦስተኛው ቀን ቻይናታውን በዘጠኝ ሰዓት ደረስን። እናቴ በቶፉ ሾርባ ፈታች፤ ቶፉውን አይብ መስሏት ደንግጣ ነበር። ልጄ ኮሪደሩ ውስጥ ያለውን ፒዛ ቤት ሳይጠይቅ አገኘው፤ በመዓዛው ነው ያገኘሁት አለ።

ስቴኩን አልሞከርነውም። ባለቤቴ ማሽን ፊት ተቀምጦ ሲጠብቅ ማየት አልፈለግሁም።

3ኛው አዛውንት ከዚህ በኋላ ብቅ ብለው እናቴን ሰላም በይልኝ አሉ፤ ያ ሽሪምፕ ግን በእርግጥ ቀረ እንዴ ብለውም ጠየቁኝ። አስተዳዳሪው ይህን ለምን እንደ መልስ እንዳልቆጠረው አላውቅም።

23. የመጨረሻው ጥያቄ የአስተናጋጇ ነው። የ97ቱን አይታለች፤ ቲፑ ተጨምሮበታል፤ አመሰገነች። የሆቴሉ ቁርስ 107 ዶላር ከቲፑ ጋር ነው ወይስ ያለ ቲፑ ብላ ጠየቀች። ሂሳቡን የከፈለው ባለቤቴ ነው። ጠየቅሁት። አላስታውስም አለኝ።